የደህና መዝገብ

ይህ ነገር የሆነባት ከተማ ስም አላት። ነዋሪዎቿ ግን ስሟን እንዳልጽፍ ለመኑኝ። አፍረው አይደለም፤ የሌላ ከተማ ሰዎች ሲያነቡት «ለካ እዚያ ነው» ብለው እፎይ እንዳይሉ ነው። እኔም ቃል ገባሁ። የራሴን ስም ግን አልደብቅም። ምናሉ እባላለሁ፤ ደህና መዝጋቢ ነኝ።

የደህና መዝጋቢ ሥራ ቀላል ነበር። በየሳምንቱ በተመደበልኝ ሰፈር ስልሳ ቤት አንኳኳለሁ። በሩ ሲከፈት «ደህና ናችሁ?» እላለሁ። እነሱም «ደህና ነን፣ እግዜር ይመስገን» ይላሉ። ቅጹ ላይ የቤቱ ቁጥርና የነዋሪዎቹ ስም አለ፤ ከእያንዳንዱ ስም ጎን «ደህና» የሚለው ቃል ታትሞ ይመጣል። መዝጋቢው እንዳይደክም ተብሎ ነው። የእኔ ድርሻ መፈረም ብቻ ነበር። ቅጾቹ ወደ ደህና መዝገብ ጽሕፈት ቤት ይሄዳሉ፣ እዚያ ይደመራሉ፣ በወሩ መጨረሻ ላይ ከተማችን ከመቶ መቶ ደህና መሆኗ በአደባባይ ይነገራል። በአሥራ ዘጠኝ ዓመት አገልግሎቴ ከመቶ መቶ ያልሆነበትን ወር አላየሁም። ሳሉ በገባበት ዓመት እንኳ፣ የሞቱት ከቅጹ ስለሚወጡ፣ የቀሩት ሁሉ ደህና ነበሩ።

የራሴም ቤት ከስልሳዎቹ አንዱ ነው። ደንቡ ስለሚያዝ እሱንም አንኳኳለሁ። ባለቤቴ ትርንጎ ትከፍትልኛለች። «ደህና ናችሁ?» እላታለሁ። «ደህና ነን፤ ጫማህን አውልቅ» ትለኛለች። እፈርማለሁ።

ስለ ሳሉ ብዙ አልናገርም። ደረቅ ሳል ነበር፤ ሽማግሌውን በአሥር ቀን ውስጥ ይወስደዋል፣ ወጣቱን ግን ወይ አይነካውም ወይ ሳይታወቀው ያልፋል። ስለዚህ ወጣቶች አደገኛ ሆኑ። ትምህርት ቤቶች ተዘጉ። ከሃያ ዓመት በታች ያለ ሁሉ ከቤት እንዳይወጣ፣ ቤት ውስጥም ከሽማግሌ በአንድ አልጋ ርዝመት እንዲርቅ ታዘዘ። ርቀት ለኪዎች ተሾሙ፤ ዘንግ ይዘው በየቤቱ እየገቡ በልጅና በአያት መካከል ያለውን ይለኩ ነበር። ጽሕፈት ቤታችንም ማስታወቂያ አሳተመ። አንዲት ልጅ አያቷን ስታቅፍ ትታያለች፤ ከሥር በትልቁ «የምታቅፈውን ትገድላለህ» ይላል። ሥዕሉ ጥሩ ነበር፤ የሽማግሌው ጢም ብትነካው የሚኮሰኩስ ይመስላል። በሰፈሬ ስልሳ በር ላይ የለጠፍኩት እኔ ነኝ። በራሴም በር ላይ ለጥፌአለሁ፣ ያውም ቀድሜ፤ መዝጋቢ አርአያ ይሁን ስለተባለ።

ያኔ ልጃችን ማዕዶት አሥራ አምስት ዓመቷ ነበር። አባቴ፣ እሷ «አባባ» የምትለው፣ ከእኛ ጋር ይኖር ነበር። ትምህርት ቤቱ በተዘጋ ቀን ማዕዶት ደብተሯን ታቅፋ እየሮጠች መጣችና እንደ ልማዷ አንገቱ ላይ ተጠመጠመች። ዘንጉ ገና አልተሠራም ነበር። በሁለተኛው ሳምንት አባባ መሳል ጀመረ። በአሥረኛው ቀን፣ ደንቡ በአልጋ ርዝመት ስለሚል፣ ማዕዶት ከክፍሉ ደጃፍ ሆና ተሰናበተችው። ለኪው ዘንጉን አጋድሞ በመሃላቸው ቆሞ ነበር። እሱም ጨዋ ሰው ነው፤ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

ቤቱ እንደዚያ ሁለት ክረምት ተዘጋ።

ከዚያ ሳሉ ጠፋ። እንዴት እንደጠፋ ማንም አያውቅም፤ ሦስት መሥሪያ ቤቶች «እኛ ነን ያጠፋነው» ብለው ጻፉ። ትምህርት ቤት ተከፈተ፣ ዘንጎቹ ተሰበሰቡ። ሽማግሌዎች ወጥተው ፀሐይ ሞቁ። ሱቅ ተከፈተ፣ ሠርግ ተሠረገ። ወጣቶቹ ብቻ አልወጡም። በየቤቱ አንዳንድ በር ሳይከፈት ቀረ። የወጡትም ቢሆኑ ትምህርት ቤት ሄደው ተቀምጠው ይመለሳሉ እንጂ ድምፃቸው አይሰማም። በዕረፍት ሰዓት በትምህርት ቤቱ አጠገብ ሳልፍ የምሰማው የባንዲራው ገመድ ከምሰሶው ጋር ሲጋጭ ብቻ ነበር።

ጽሕፈት ቤታችን ይህን አይቶ ዝም አላለም። የደስታ ክፍል የሚባል ተቋቋመ። ክፍሉም ወጣቶች በሙሉ ቅዳሜ አራት ሰዓት ላይ አደባባይ ተገኝተው ሦስት ሦስት ጊዜ እንዲዘሉ መመሪያ አወጣ። ቅዳሜ አደባባዩ ሞላ፤ የመጡት ግን ወላጆች ነበሩ። እያንዳንዱ ወላጅ ልጁ ትንሽ እንደደከመው አስረድቶ በልጁ ፈንታ ዘለለ። እኔም ዘለልኩ፤ ሁለተኛው ላይ ጉልበቴን አመመኝ። የክፍሉ ኃላፊ ዝላዩን ሁሉ ቆጥሮ ለሦስት አካፈለና ዘጠኝ መቶ አርባ ወጣቶች መደሰታቸውን አስታወቀ።

ማዕዶት አሥራ ሰባት ሞላት። ትምህርት ቤት ሁለት ሳምንት ሄዳ ተወችው። ቀን ቀን ትተኛለች፤ ስንበላ አትመጣም፤ ሳህኗን በሩ ሥር እናስቀምጥላታለን፣ ግማሹ ሳይነካ ይወጣል። ፀጉሯን መሠራት ተወች። እናቷ ስትጮህባት አትመልስም፤ ስትለምናትም አትመልስም። እኔ ደግሞ በየሳምንቱ በበሩ በኩል «ደህና ነሽ?» እላታለሁ፤ «ደህና ነኝ» ትላለች፤ እፈርማለሁ። በዚህ ዓይነት አሥራ አንድ ጊዜ ፈርሜአለሁ። በኋላ ቅጾቹን ፈልጌ አየኋቸው። ፊርማዬ ላይ ምንም መንቀጥቀጥ የለበትም።

አንድ ሐሙስ እንደ ወትሮዬ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ሥራ ጀመርኩ። አራተኛው ቤት የወይዘሮ ብዙአየሁ ነው። «ደህና ነን» አሉኝ። ስፈርም ትንሿ ልጃቸው በጓዳ በኩል ብቅ አለች፤ እግሯ ላይ በጣም የሚሰፋት ቀይ ጫማ አድርጋለች። ያን ጫማ ለማዕዶት የገዛሁት እኔ ነኝ። ምናልባት ሌላም ቀይ ጫማ አለ ብዬ አለፍኩ።

አሥራ ሰባተኛው ቤት የብስክሌት ጠጋኙ ነው። ልጁ በረንዳው ላይ ተቀምጦ የሒሳብ መጽሐፍ ያገላብጣል። የመጽሐፉ ጀርባ ላይ «ማዕዶት ምናሉ» ተብሎ በእሷ እጅ ጽሑፍ ተጽፏል። «ከየት አመጣኸው?» አልኩት። «እሷ ሰጠችኝ፤ ሁሉንም ውሰድ አለችኝ» አለኝ። ፈረምኩና ወጣሁ። እግሬ ግን መፍጠን ጀምሮ ነበር።

ሃያ ሁለተኛው ቤት ገና ሳላንኳኳ ሬዲዮ ሰማሁ። በመስኮቱ አሻግሬ አየሁት፤ የአባባ ሬዲዮ ነው። የድምፅ መክፈቻው ተሰብሮ በጠርሙስ ቆርኪ የተተካ ሬዲዮ በከተማዋ ውስጥ ሌላ የለም። አባባ ሲሞት ለማዕዶት ያወረሳት እሱን ብቻ ነው። በሩን የከፈተችው የማዕዶት ባልንጀራ ሶስና ናት፤ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ አብረው ተምረዋል።

«ደህና ናችሁ?» አልኳት፤ ከአፌ የወጣው እሱ ነው።

«ደህና ነን» አለች። ከዚያ ፊቴን አየችው። «ጋሼ፣ ሬዲዮውን እኔ አልጠየቅኳትም። በመስኮት ነው የሰጠችኝ። ‹አንቺ ጋ ይሁን፤ እኔ ጋ ማንም አይሰማውም› አለችኝ።»

«መቼ?»

«ማክሰኞ። ሁሉንም ነገር እየሰጠች ነው ጋሼ። ሻሿንም ሰጠች፣ ሥዕሎቿንም። እኔ በጣም ፈራሁ።»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?»

አንገቷን ደፋች። «እርስዎ ሲመጡ ‹ደህና ነን› ነው የሚባለው። ሌላ ነገር ሲባል ሰምቼ አላውቅም።»

ቀሪዎቹን ሠላሳ ስምንት ቤቶች ትቼ ሮጥኩ። በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ውስጥ ቤት ስዘልል የመጀመሪያዬ ነው። መንገድ ላይ ያገኙኝ ሰዎች «ጋሽ ምናሉ፣ ደህና ነህ?» አሉኝ። «ደህና ነኝ» እያልኩ ሮጥኩ።

ትርንጎ በረንዳ ላይ ሽንኩርት እየላጠች ነበር። ከነጫማዬ አልፌአት ስገባ ምንም ሳትለኝ ሽንኩርቱን ይዛ ተከተለችኝ። የማዕዶት ክፍል በር ዝግ ነው። አንኳኳሁ።

«ደህና ነኝ» አለች ከውስጥ፣ ገና ሳልጠይቃት።

ድምጿን ስሰማ ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ። «አልጠየቅኩሽም» አልኳት። «የአባባን ሬዲዮ አየሁት።»

ፊቴን ወደ በሩ አስጠጋሁ።

«ጫማሽንም አየሁት።»

«የምሄድበት የለማ» አለች።

እንዴት እንደሚጠየቅ አላውቅም ነበር። ሥራዬ መጠየቅ ሆኖ ሳለ አላውቅም ነበር። ትርንጎን አየኋት፤ እሷም ታየኛለች። እንደምንም ብዬ ቃሉን አወጣሁት።

«ማዕዶት፣ ልጄ፣ መሞት እያሰብሽ ነው?»

ትርንጎ ክንዴን ያዘች። ከዚያ አንድ ነገር በሩን ተደግፎ ወደ ታች ሲንሸራተት ሰማሁ፤ ልክ እንደ እኔ ከበሩ ሥር መሬት ላይ ተቀመጠች። ድምጿ አሁን ከጆሮዬ አጠገብ ነው።

«አንዳንዴ» አለች። «ተኝቼ ባልነሳ እላለሁ። አሁን አሁን ብዙ ጊዜ እላለሁ።» ቀጥላም፣ «ደህና አይደለሁም አባዬ» አለች። «አባባን የገደልኩት እኔ ነኝ።»

«ማን ነው እንዲህ ያለሽ?»

«በራችን ላይ ተጽፏል።»

ወረቀቱ እዚያው ነበር። ዝናብ አጥቦት፣ ፀሐይ አንጥቶት፣ ጢሙና ጽሑፉ ብቻ ቀርተው፣ ግን እዚያው ነበር። ሳሉ ሲጠፋ ዘንጎቹ እንዲሰበሰቡ መመሪያ ወጣ፤ ወረቀቶቹ እንዲነሱ የሚል መመሪያ ስላልወጣ ማንም አላነሳቸውም።

«ስሚኝ» አልኳት። «ያን ጊዜ በየሳምንቱ ስልሳ ቤት የምገባው ማን ነበር? እኔ ነኝ። ከስልሳዎቹ በአሥራ አራቱ ሰው ስሎ ሞቷል። ማታ ስመጣ አባባን እግሩን የማጥበው እኔ ነበርኩ፤ በእጄ፣ ያለ አንዳች ዘንግ። አንቺ አንድ ቀን አቀፍሽው። እኔ በየቀኑ ነክቼዋለሁ።»

«አንተ ነህ ማለት ነው?» አለች። እንደ ሕፃን ድምፅ ነበር።

«አላውቅም። እኔ ልሆን እችላለሁ። አንቺ ልትሆኚ ትችያለሽ። ውሃ የሚያመጣልን ሰውዬም ሊሆን ይችላል። ማንም አያውቅም ልጄ፤ ወደ ፊትም ማንም አያውቅም። ይህን ግን አውቃለሁ፤ እዚያ አልጋ ላይ ሆኖ በመጨረሻ ያወራኝ ስለ አንቺ ነው። ‹የመጨረሻ ቀን ሮጣ መጥታ አንቃ ልትገድለኝ ነበር› እያለ ይስቅ ነበር። እየሳለ ይስቅ ነበር።»

«እንደዚያ አለ?»

«እንደዚያ አለ።»

«ለምን እስከ ዛሬ አልነገርከኝም?»

«ደህና ነኝ ስትይኝ አመንኩሽ» አልኳት።

መቀርቀሪያው ተከፈተ። የገባነው ሁለታችንም በአንዴ ስለሆነ በሩ ላይ ተጋፋን። ማዕዶት ከስታ አጥንቷ ይቆጠራል። እናቷ ሽንኩርት የሸተተ እጇን ፊቷ ላይ አድርጋ ወደ ደረቷ ሳበቻት። «ሽንኩርት ነው፣ ዓይኔን» አለች ማዕዶት። «ይሁን፤ ያቃጥልሽ» አለች ትርንጎ። ሦስታችንም ምሳ ሳንበላ ወለሉ ላይ ተቀምጠን ቆየን።

ከሰዓት በኋላ እናቷ አጠገቧ ስትቀር እኔ ወደ ጤና ጣቢያ ሄድኩ። ሲስተር ብርቅነሽ በሳሉ ጊዜ ሰው በእጇ ላይ ሲሞት ከርማ፣ ሳሉ ሲያልቅ ሥራ የፈታች ነርስ ናት። ስደርስ ባዶ አልጋ ትወለውል ነበር። ነገሩን ስነግራት ጨርቁን አስቀመጠች።

«ጠየቅካት? በቃሉ?»

«በቃሉ ጠየቅኳት።»

«ጎሽ። እንግዲህ ዛሬ ብቻዋን እንዳትቀር። ነገም፣ ከነገ ወዲያም። ራሷን ልትጎዳበት የምትችለውን ነገር ሁሉ ከአጠገቧ አንሱ። ምክር ግን አትስጧት።»

«ምንም ምክር?»

«ምንም። ምክር የሚሰጣት ሞልቷል። አብራችኋት ብሉ፤ ስታወራ ስሟት። እኔ አሁን መጥቼ አያታለሁ፤ ሰኞ ደግሞ ሐኪሙ ጋ ይዘናት እንሄዳለን። ይህ በሽታ ነው ጋሽ ምናሉ፣ እንደ ሳሉ። ይታከማል፤ ከሳሉ ይልቅ ይታከማል።»

የመጨረሻዋን ቃል ስሰማ ባዶው አልጋ ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። አሁን የወለወለችው አልጋ ነበር፤ አልተቆጣችኝም።

ዓርብ ጠዋት ቅጽ ማስረከብ ነበረብኝ። የቤቴን ቅጽ ይዤ ማዕዶት አጠገብ ተቀመጥኩ። «ልጻፈው?» አልኳት። አሰበችና፣ «እውነት ከሆነ ጻፈው» አለችኝ። «ደህና» የሚለውን የታተመ ቃል ሰረዝኩና ከጎኑ በእጄ «ደህና አይደለችም» ብዬ ጻፍኩ። ከስሟ በላይ የእኔ ስም ነበር። ከእሱም ጎን ያለውን «ደህና» ሰረዝኩት።

የጽሕፈት ቤቱ ሹም አቶ ዘውገ ይባላሉ። ንጹሕ ሰው ናቸው። ጠረጴዛቸው ላይ ሦስት ማህተም አለ፤ ሦስቱም «ደህና» ነው የሚሉት፣ መጠናቸው ብቻ ይለያያል። ቅጹን አይተው መነጽራቸውን አወለቁ፣ ጠረጉት፣ መልሰው አደረጉት።

«አቶ ምናሉ፣ ይህ ቃል ቅጻችን ላይ የለም።»

«አውቃለሁ፤ እኔ ነኝ የጨመርኩት።»

«ድምሩስ? መደመሪያችን አንድ ዓምድ ብቻ ነው ያለው። ይህን የት አድርጌ ልደምረው?» በጣም ተጨንቀው ነበር፤ ተንኮል የላቸውም። «እንዲህ ብናደርገውስ፤ ‹ደህና፣ በመጠናቀቅ ላይ› ብንለው?»

«አልተጀመረም አቶ ዘውገ።»

«‹ደህና፣ ዝርዝሩ ወደ ፊት የሚገለጽ›?»

«አይሆንም።»

ማስጠንቀቂያ ተጻፈልኝ። የማስጠንቀቂያ ቅጽ ስለሌለ በተለመደው ቅጽ ላይ ተጻፈና፣ «ምናሉ፦ ደህና» የሚል ማስጠንቀቂያ እጄ ላይ ደረሰ። ነገሩን የሚያጣራ ሦስት አባላት ያሉት ኮሚቴም ተቋቋመ።

ኮሚቴው ረቡዕ ቤታችን መጣ። ሰብሳቢው ረጅም ሰውዬ ናቸው። ሁለተኛው ሹመቱ ገና ያልተሻረ ርቀት ለኪ ነው፤ ዘንጉ ስለተወሰደበት ባዶ እጁን ዘርግቶ ይዞ ነበር። ሦስተኛዋ ቃለ ጉባኤ ያዥ ወይዘሮ አስካለ ናቸው፤ ሠላሳ ዓመት ሲጽፉ ቀና ሲሉ ያያቸው የለም። ማዕዶት እንድትወጣ አላስገደድናትም፤ ራሷ ወጥታ እናቷ አጠገብ ተቀመጠች።

«ልጄ፣ ደህና ነሽ?» አሉ ሰብሳቢው።

«አይደለሁም።»

«ጥያቄውን ልድገምልሽ?»

«ሰምቻለሁ። አይደለሁም።»

ሰብሳቢው ወደ ለኪው አዩ፤ ለኪው ወደ ጣሪያው አየ። «እንዴት ነው የማትሆኚው?» አሉ ሰብሳቢው። እንደ ፍርድ ቤት ለመጠየቅ ነበር ያሰቡት፤ ከአፋቸው ሲያመልጥ ግን የእውነት ጥያቄ ሆኖ ወጣ።

ማዕዶትም መለሰች። ጠዋት ስትነቃ ደረቷ ላይ ድንጋይ የተጫነ እንደሚመስላት ነገረቻቸው። ሰው ስታይ ወደ ኋላ የምታፈገፍገው ሳትወድ መሆኑን፣ እግሯ በራሱ ርቀት እንደሚለካ። ሁለት ዓመት ሙሉ አልጋዋ ላይ ሆና የክፍል ጓደኞቿን ድምፅ እንዴት እንደረሳች። ምግብ ሲቀርብ እየራባት አፏ እንደማይከፈት።

የእስክሪብቶው ድምፅ ቆመ። ወይዘሮ አስካለ ቀና ብለው ነበር።

«ልጄ ከእኛ ጋር ገበታ ላይ ከተቀመጠ ሰባት ወሩ ነው» አሉ። ለማንም አልነበረም የተናገሩት። «ሳህኑን በሩ ሥር ነው የማስቀምጥለት። ግማሹን ይመልሳል። የጾም ሰው ነው እያልኩ ነበር።»

«ወይዘሮ አስካለ፣ ይህ ይመዝገብ ወይስ አይመዝገብ?» አሉ ሰብሳቢው።

«ልሂድ» አሉ ወይዘሮ አስካለ፤ መዝገቡን ጉልበታቸው ላይ ዘጉት።

«ስብሰባው አልተዘጋም!»

ሄዱ። ቦርሳቸውን እንኳ አላነሱም። ለኪው በመስኮት አያቸውና፣ «ይሮጣሉ» አለ።

በሚቀጥለው ሳምንት የእኔ ሰፈር ቅጽ ላይ ከዘጠኝ ስሞች ጎን «ደህና» ተሰረዘ። እኔ በር ላይ ቆሜ «ደህና ናችሁ?» ስል ዝም ብዬ መቆም ለምጄ ነበር፤ «ደህና ነን» ካሉኝ በኋላም አልሄድም። ትንሽ ሲቆይ አንድ ሰው ይናገራል። ሌሎቹም መዝጋቢዎች የወይዘሮ አስካለን ወሬ ሰምተው መቆም ጀመሩ። አርባ አንድ፣ ከዚያ መቶ፣ ከዚያ ሦስት መቶ። አቶ ዘውገ የስረዛ ቀለም እጥረት መኖሩን ገልጸው ለበላይ ጻፉ። የበላይ የሚባለው እስከ ዛሬ መልስ አልሰጠም።

ሲስተር ብርቅነሽ ባዶ አልጋዎቿን ወደ ግቢው አውጥታ አግዳሚ ወንበር አደረገቻቸው። ልጆቹ በመጀመሪያ ይመጡና በየአልጋው ጫፍ፣ በአልጋ ርዝመት ተራርቀው ይቀመጡ ነበር። ማንም አልገፋቸውም። በሁለተኛው ወር በአንድ አልጋ ላይ አራት ሆነው ይታዩ ጀመር። ሐኪሙ በሳምንት ሁለት ቀን ይመጣል፤ ማዕዶት ከሌሎች ጥቂቶች ጋር ክኒን ታዘዘላትና በየቀኑ ከምግብ በኋላ ትውጥ ነበር። ቶሎ አልተሻላትም። ተሻላት ያልነው ቀን ማግሥት ሳትነሳ የዋለችበት ጊዜ ነበር፤ ትርንጎና እኔ በተራ የተቀመጥንባቸው ቀኖች ነበሩ። ሶስና ግን ሬዲዮውን ይዛ በየቀኑ ትመጣለች፤ አስቀምጣው አትሄድም፣ ይዛው ትመለሳለች። «ሰጥተሽኛል፤ የእኔ ነው። መስማት ከፈለግሽ አብረን ነው» ትላታለች።

በራችን ላይ የነበረውን ወረቀት ያነሳሁት ከኮሚቴው ማግሥት ነው። ሙጫው ጠንክሮ ስለነበር በቢላዋ ፋቅሁት። ከዚያ የቀሩትን ሃምሳ ዘጠኝ ፋቅሁ። መመሪያ አልነበረኝም።

አንድ ቀን አቶ ዘውገ ብቻቸውን ሰፈራችን መጡ። ያለ ማህተም ሳያቸው የመጀመሪያዬ ነው። ስለ ቅጽ የሚናገሩ መስሎኝ ቆምኩ። ኮፍያቸውን አውልቀው፣ «የሲስተሯ ቤት በየት በኩል ነው?» አሉኝ ቀስ ብለው። «ደህና ያልሆነችው የእኅቴ ልጅ ናት፤ እኔ ጋ ነው የምትኖረው።» አብሬአቸው ሄድኩ። ደጃፉ ላይ ሲደርሱ፣ «አቶ ምናሉ፣ ወደ ሃያ ዓመት ሙሉ ምን ነበር የምንደምረው?» አሉኝና መልሴን ሳይጠብቁ ገቡ።

በወሩ መጨረሻ አደባባይ ላይ የወጡት እሳቸው ናቸው። «ከተማችን በዚህ ወር» አሉ፤ ቆሙ፤ «ከመቶ ስልሳ አንድ ደህና ናት።» ከዚያ አንድ ሰው አጨበጨበ፣ ሁሉም ተከተለው። ስናጨበጭብ ኖረናል፤ ሳይነገረን ስናጨበጭብ ግን ያ የመጀመሪያችን ነበር።

አሁን ቅጹ ተለውጧል። ከስሙ ጎን ባዶ መስመር ነው ያለው። ስልሳ ቤት መዞር ስለማይቻል አሥራ ሁለት ቤት ብቻ ተመደበልኝ፤ አሥራ ሁለቱንም በሳምንት አልጨርስም። ሰዉ ይመልሳልና።

ያለፈው ቅዳሜ ምሳ ልንበላ ስንል የግቢው በር ተበርግዶ ተከፈተ። ማዕዶት ናት፤ ከመረብ ኳስ ልምምድ መምጣቷ ነው። ላብ አጥምቋታል፣ ጉልበቷ አፈር ነው። ቦርሳዋን ወረወረችው።

«ተቀያሪ!» ብላ ጮኸች። «እኔን ተቀያሪ አደረገችኝ! ሶስና የምትባል ሰው ከዛሬ ጀምሮ አላውቅም!»

«ተቀመጪና ብይ» አለች እናቷ።

እጇን በጥድፊያ ታጥባ ተቀመጠችና አፏ እንደሞላ ቀጠለች። «አምበል ስለሆነች ነው አይደል? ነገ አሳያታለሁ። ነገ ከሌሎቹ ቀድሜ ሜዳ እገኛለሁ። የእኔን ምት ማን ይመልሰዋል? እሷ ራሷ አትመልሰውም። ነገ ፊት ለፊቷ እነግራታለሁ። ካልሰማችኝ ከነገ ወዲያ ለአሠልጣኙ እነግራለሁ። አባዬ፣ አንተ ደግሞ ምን ያስቅሃል?»

«ኧረ አልሳቅኩም» አልኳት።

ትርንጎ ብድግ ብላ ወደ ጓዳ ገባች። ተከተልኳት። ግድግዳውን ተደግፋ፣ የነጠላዋን ጫፍ አፏ ውስጥ ከታ፣ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። መጀመሪያ እያለቀሰች መሰለኝ፤ ቀርቤ ሳያት እየሳቀችም ነበር።

«ሰማህ?» አለችኝ። «ነገ አለች። ከነገ ወዲያም አለች።»

ከወዲያ ድምፅ መጣ። «ወጥ የለም እንዴ እዚህ ቤት?»

ወጡን ይዘን ሁለታችንም ሮጥን።